ባዶ ገጽ የሌለው መጽሐፍ

ፍቅር በምዕራፍ ርዕስ ይጀምራል ብሎ የነገራት ሰው ቢኖር በሳቅ ትፈርስ ነበር። ሥራዋ መጽሐፍ ማቀናበር ነው። ሰው የጻፈውን ትቀበላለች፣ ኮምፒውተሯ ላይ ትጭናለች፣ ፊደሉንና መስመሩን አስተካክላ ለማተሚያው ክፍል ታስረክባለች። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከጥበቃው እስከ ጠራዡ ሁሉም «አቀናባሪዋ» ነው የሚላት። እሷም ለምዳዋለች፤ እንዲያውም አንዳንዴ እናቷ በስሟ ስትጠራት ዞር ብላ «ማንን ነው?» ትላለች።

የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ደግሞ ሠራተኛው ጋሼ ኅዳግ ብሎ ሰይሟቸዋል፤ በእርግጥ በሌሉበት ነው። ሰውየው በገጽ ዳርና ዳር የሚቀረው ነጭ ቦታ ሁሉ ከሥጋቸው የተቆረጠ ነው የሚመስላቸው። «ይህችን ኅዳግ ትንሽ ጠበብ አድርጊልኝ እስቲ ልጄ» ሳይሉ የዋሉበት ቀን የለም። ክፉ ሰው ግን አይደሉም።

መምህሩ የመጣው ሰማይ ተቀዶ በሚወርድበት ከሰዓት በኋላ ነበር። ጂኦግራፊ ያስተምራል። በብብቱ ሥር በላስቲክ የጠቀለለውን የመጽሐፉን ረቂቅ አንዲት ጠብታ አልነካችውም፤ እሱ ራሱ ግን ከጫማው እስከ ፀጉሩ በስብሷል። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ስለ ዝናብ» አላት። ሳቋ አመለጣት። ስለ ዝናብ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ጃንጥላ የለውም እንዴ አለችው። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ከበሩ ሳይርቅ ቆሞ እስክታፍር ድረስ ተመለከታት። እንዲህ ያለ አስተያየት አጋጥሟት አያውቅም። ችኮላ የለበትም፣ ብልግና የለበትም። ከግንባሯ ጀምሮ ወደ ታች፣ ነገ የሚፈተንባት ይመስል፣ ቀስ ብሎ አጠናት።

ከዚያ የመጣበትን ተናገረ። ዓይኑ እየሄደበት ነው። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም ብሎታል፤ ቀስ በቀስ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም፤ ይህንን መጽሐፍ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ እጁ ላይ ሆኖ አንዴ በገዛ ዓይኑ ማንበብ ብቻ ነው ምኞቱ። ይህን ሁሉ የተናገረው ነገ ደመናማ ይሆናል እንደሚል ሰው ነበር። ጋሼ ኅዳግ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ሥራው ወረፋ ሳይጠብቅ እንዲገባ ፈቀዱ።

የምትሠራበት ፕሮግራም የራሱ ጠባይ አለው። ርዕሶችን አንድ በአንድ ማስዋብ ብሎ ነገር የለም። በጽሑፉ መሐል «እዚህ ምዕራፍ ይጀምራል» የሚል ትእዛዝ ትጽፋለች፤ ምዕራፍ ምን መምሰል እንዳለበት ደግሞ ከሁሉ በላይ አንድ ቦታ ላይ ትወስናለች። ፊደሉ ምን ያህል ይወፍር፣ ቁጥሩ ከርዕሱ በላይ ይሁን ወይስ ከጎኑ፣ ከአናቱ ምን ያህል ነጭ ይተው፣ ሁሉም እዚያ ነው። እዚያች ቦታ ላይ አንዲት ነገር ስትነካ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ርዕስ በሙሉ አብሮ ይለወጣል። በቤትም በመሥሪያ ቤትም አግኝታው የማታውቀው ሥልጣን ነው።

መምህሩ የዋናው ጽሑፍ ፊደል እንደማንኛውም የተማሪ መጽሐፍ እንዲሆን ብቻ ጠየቀ። ርዕሶቹን እንዳሻት እንድታደርጋቸው ለእሷ ተወላት። እሷም አሰበች። እናቷ ዓይኗ ሲደክም ስልኳ ላይ ያለውን ፊደል ጡብ ጡብ እስኪያህል አሳድጋዋለች። ዓይኑ የደከመ ሰው ትልቅ ነገር ይፈልጋል፣ ይኸው ነው፣ ምን ምርምር አለው? ስለዚህ ርዕሶቹን አሳደገች። ቁጥሩን መዳፍ የሚያህል አደረገችው። ምዕራፉ ደምቆ እንዲታይ ከበላዩ የገጹን ሲሶ ነጭ ተወች። እያንዳንዱ ምዕራፍ በቀኝ ገጽ እንዲጀምር አዘዘች፤ ያለፈው ምዕራፍ በቀኝ ካለቀ በመሐል ያለው የግራ ገጽ ባዶውን ይቀራል ማለት ነው። ጋሼ ኅዳግ እነዚያን ባዶ ገጾች ሲያዩ ራሳቸውን ይዘው ወንበር ፈለጉ።

መምህሩ የመጀመሪያውን ናሙና ተቀብሎ ብዙ ቆየ። «ግሩም ነው» አለ በመጨረሻ። አፉ ግሩም ይበል እንጂ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ጠቆረ። የዓይኑ ድካም ነው ብላ ደመደመች። በሚቀጥለው ሲመጣ ርዕሱ አድጎ ጠበቀው። አሁንም ግሩም ነው አለ፣ አሁንም ፊቱ ጠቆረ። አሁንም አሳደገችው። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሳምንታት ነጎዱ።

በዚህ መሐል ወደደችው፤ ሌላ ቃል የለውም። የሚመጣበት ቀን ሲሆን ከጠዋት ጀምሮ እጇ ከመስታወት አይለይም፣ በሩ ሲጥ ባለ ቁጥር ልቧ ይዘላል። ደመናን ሲያስረዳት ሁለት እጁን እያነሳ፣ በሚናገረው ከሷ በላይ እሱ ራሱ እየተደነቀ ነው። ስለ ደመና ግድ ኖሯት አያውቅም ነበር፤ አሁን መንገድ ላይ ቀና እያለች ስትሄድ ከሰው ጋር ትጋጫለች።

የሚያንገበግባት ነገር ግን አለ። ናሙናውን ይዛ ስትቀርበው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ከአጠገቧ ወንበር ስታስጠጋለት አመስግኖ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ሄዶ ይቀመጣል። እዚያ ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል፤ ቀረብ ስትል ደግሞ ዓይኑ መሬት መሬቱን ይንከራተታል። ይወደኛል ወይስ ይጠየፈኛል? አንድ ቀን ሽቶ ቀይራ መጣች፤ ያው ነው። በመጨረሻ ለእናቷ ነገረቻት። እናትየዋ ግን የታያት ሌላ ነገር ነበር።

«ዓይናማ ወንድ ጠፍቶ ነው?» አለቻት።

«ጠፍቶ ነው» አለች ልጅ። እናት ኩርፊያዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ጉድ የፈላው ትልቁን ሁሉ የሚያስንቀውን ርዕስ የሠራች ዕለት ነው። ቅርጹን ለመሞከር ያህል በምዕራፉ ስም ቦታ «ርዕስ እዚህ ይገባል» ብላ ጽፋ ነበር፤ የአቀናባሪ ሁሉ ልማድ ነው። ጋሼ ኅዳግ ጠሯት፣ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ረሳችው፣ አተመችው። መምህሩ ገጹን ተቀበለና አንገቱን ቀስ እያለ ከግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰ።

«ግሩም ነው» አለ። «እስካሁን ካሳዩኝ ሁሉ ይኼኛው ይበልጣል።»

በትከሻው በኩል ዘንበል ብላ ስታይ ክው አለች። ግማሽ ገጽ የሞላው ያ ጥቁር ፊደል «ርዕስ እዚህ ይገባል» ነው የሚለው።

«ምን ይላል?» አለችው።

አንገቱን እንደገና ወደ ግራ መለሰ።

«አንብብልኝ እስቲ። ምን ይላል?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንቱ ነበር የሚባባሉት። አንተ ያለችው ያን ጊዜ ነው፣ ያውም በንዴት። ከዚያ የልቧን ዘረገፈችው፤ አንድም ቀን ሥራዋን አይቶት እንደማያውቅ፣ ግሩም ነው እያለ እንደ ሕፃን እንደደለላት፣ ስትቀርበው እንደ እሳት እንደሚሸሻት፣ ጠልቷት ከሆነ አፍ አውጥቶ ቢነግራት እንደሚሻል። ድምፅዋ ከማተሚያው ማሽን በላይ ወጣ። ጋሼ ኅዳግ በር ላይ ብቅ አሉና ነገሩን አይተው ተመልሰው ገቡ።

ሲወጣላት መምህሩ ገጹን ጭኑ ላይ አኖረ። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ ጠባብ ቀለበት ሠራና ዓይኑ ላይ ደቀነው።

«ዓለም በዚህ ነው የምትታየኝ» አላት። «አልደበዘዘችም፣ ጠበበች እንጂ። በዚህ ውስጥ የገባ ነገር ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ከዚህ የወጣ ነገር የለም። ጥቃቅኑን ፊደል አነበዋለሁ። ያንቺ ርዕስ ግን አይገባም። ጥቁር አያለሁ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ እንደገና ጥቁር። ፊደል መሆኑን የማውቀው አንቺ ስለምትነግሪኝ ነው።»

ለምን እስካሁን እንዳልነገራት ጠየቀችው።

«ፊትሽ በርቶ ይዘሽልኝ ስትመጪ፣ አይታየኝም ልበልሽ? አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

ስለ ባዶው ገጽም ነገራት። አንድ ቀን ናሙናውን ይዞ ሲሄድ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ገለጠው። ሲያነብ ቆይቶ አንድ ገጽ ሲገልጥ ነጭ ሆነበት። ወደ ላይ አየ፣ ነጭ ነው። ወደ ታች አየ፣ ነጭ ነው። ያቺ ቀን መጣች አለ በልቡ። ተማሪዎች በአጠገቡ እየሮጡ ሲያልፉ እየሰማ፣ ከገጹ ቀና ብሎ መሞከር እንኳ ፈርቶ፣ ወረቀቱን አቅፎ እዚያው ተቀመጠ። ያ ገጽ የእሷ ትእዛዝ ነበር፤ ምዕራፉ በቀኝ ይጀምር ብላ የተወችው።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ስቀርብህ የምትሸሸውስ?» አለችው።

«ስትቀርቢ ትጠፊብኛለሽ። ዓይንሽን ሳይ አፍሽ የለም፣ አፍሽን ሳይ ዓይንሽ የለም። እዚያ ግድግዳ ሥር ስሆን ግን ሙሉ ነሽ።»

ይህንን ሌላ ቀን ቢነግራት በደስታ ታብድ ነበር። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። መጀመሪያ የመጣህ ዕለት ቀለበቱ ምን ያህል ነበር አለችው። ጣቶቹን ከፈት አደረጋቸው። ዛሬስ? ሰበሰባቸው። በመሐላቸው የቀረችው ቀዳዳ እርሳስ ብታሳልፍ ነው።

እሷ ርዕሱን ስታሰፋ የእሱ ቀዳዳ ስትጠብ፣ እሷ ስትለፋ እሱ ሲያመሰግን፣ ያቺን ያለችውን ጊዜ ተጋግዘው ጨረሷት። ይህ ሲገባት ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። መምህሩ የቀረውንም ተናገረ። እንደሚወዳት ነገራት፤ የማንም ሸክም መሆን እንደማይፈልግ፣ የእሷ ደግሞ ከሁሉ በፊት። መጽሐፉ ሲያልቅ እንሰነባበታለን አላት። አልተከራከረችውም፤ ለክርክር የሚሆን ጊዜ የለም። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ርዕሱን ከዋናው ጽሑፍ ጋር እኩል አደረገችው፤ ወፈር ማለቱ ብቻ ነው ልዩነቱ። ያንን መዳፍ የሚያህል ቁጥር አጠፋችው። በቀኝ ገጽ ይጀምር የሚለውን ትእዛዝ ሰረዘች፣ ባዶዎቹ ገጾች ጠፉ። ከአናት ያለውን ነጭ ግን ፕሮግራሙ አለቅም አላት። ብትሰርዘው ብትሰርዘው ምዕራፍ በጀመረ ቁጥር የራሱን ነጭ ከየትም አምጥቶ ይጨምራል። ለመነችው፣ ሰደበችው፣ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠች። በመጨረሻ፣ አንተ ወደ ታች ከገፋህ እኔ ወደ ላይ እጎትታለሁ ብላ ርዕሱን በዚያው ልክ ወደ ላይ የሚስብ ትእዛዝ ጨመረችበት፤ ተረታላት። ከዚያ ከርዕሱ ጫፍ ተነስቶ እስከ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚወርድ ቀጭን መስመር አሰመረች፤ ዓይኑ ርዕሱን ካገኘ እሱን ይዞ እንዲወርድ።

የሠራችውን የምትፈትነው ጣቶቿን አጋጥማ በቀዳዳዋ እያየች ነበር። በዚያችው ቀዳዳ እያየች ኮሪደሩን ልሻገር ብላ በሩን በግንባሯ ገጨችው። ቤት ውስጥም እንዲሁ ስታደርግ እናቷ ያዘቻት። ምን ሆነሻል ስትላት ሁሉንም ነገረቻት። እናትም ጣቶቿን አጋጥማ ልጇን ተመለከተች፤ መጀመሪያ አንዱን ጉንጯን፣ ከዚያ ሌላውን። «አይ ፈጣሪ» አለች፣ እጇንም አወረደች። ስለ ዓይናማ ወንድ ዳግመኛ አላነሳችም።

ጋሼ ኅዳግ ባዶዎቹ ገጾች መጥፋታቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ግን ጠቆረ። ማሽኑ ላይ የነበረውን የሌላ ሰው ሥራ አስወርደው የመምህሩን አስገቡ። ባለጉዳዩ በስልክ ሲጮህባቸው «ያንተ ነገም ይደርሳል» ብለው ዘጉበት።

ማሽኑ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው ሌላው መዓት የታየው። ርዕሳቸው ረጅም ሆኖ ሁለት መስመር የያዙት ምዕራፎች ላይ ቀጭኑ መስመር ቃላቱን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ አለፈ። ስትፈትን አጫጭሮቹን ብቻ ነው ያየችው። አቁሙት እያለች ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጠች። የተበላሸው ወረቀት ክምር ሆኗል። ሠራተኛው ሁሉ አሁን ጋሼ ኅዳግ ይፈነዳሉ ብሎ አንገቱን ሰበረ። እሳቸው ክምሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂና አስተካክይው» አሉ። ተመልሳ አስተካከለችው። አንድ ቀን ሄደባት። የሄደው ቀን ከማን ዓይን ላይ እንደሄደ ታውቃለች።

ማጣበቂያው በወጉ ሳይደርቅ መጽሐፉን ይዛ ሄደች። መምህሩ የሚኖረው ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ። መጽሐፉን ሰጠችውና ሳይነግራት ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ገለጠው። ርዕሱን አገኘ፣ መስመሩን ይዞ ወረደ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ተማሪዎቹ ፊት እንደቆመ ሆነ።

ከዚያ ጀምሮ በምሳ ሰዓቷ ትመጣለች፤ እሱ ያነባል፣ እሷ ትሰማለች። ስለ ካፊያ፣ ስለ በረዶ፣ ስለማያባራው ዝናብ። ንባቡ ግን ቀን በቀን ከበደው። አንድ የጽሑፍ መስመር ሙሉ ያይ የነበረው ቃል በቃል ሆነ፣ ከዚያ ፊደል በፊደል። ቃሉ መሐል ቆሞ አንገቱን ያንቀሳቅሳል፣ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ያገኛል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች። ላግዝህ ብላው አታውቅም። ቀዳዳዋ እስከ መጨረሻው ገጽ ትድረስለት ብላ ትለምናለች፤ መጨረሻው ገጽ ሲደርስ ደግሞ እንደሚሰነባበቱ አልረሳችም። አንድ ገጽ በተገለጠ ቁጥር ደስ ይላታል፣ በተገለጠ ቁጥር መሰነባበቻው ይቀርብባታል። ወደ ሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆማ የምታለቅሰው ለየትኛው እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረሰ። ርዕሱን አነበበ፤ «ፀሐይ እያለች የሚዘንብ ዝናብ»። መስመሩን ይዞ ወረደ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋው።

«በቃኝ» አለ።

ብድግ አለች። አንድ ምዕራፍ ቀርቶት ምን ሲሆን ነው የሚበቃው? ለዚህ አይደል መከራዋን ያየችው? በዓይኔ ሙሉውን ላንብብ ብሎ በዚያ ዝናብ በስብሶ የመጣው እሱ አይደል?

«የቀረችኝን ለዚህ ላጠፋት አልፈልግም» አላት። «መጽሐፉን አንቺ ታነቢልኛለሽ። ፊትሽን ግን ማን ያነብልኛል?»

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«ሲያልቅ እንሰነባበታለን ብለኸኝ አልነበር?» አለችው ድምፅዋ ተሰብሮ።

«ብዬ ነበር። አልቻልኩም። እምቢ የምትዪኝ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ እያየሁሽ ልስማው።»

«መቼ ነው እምቢ ያልኩህ?» አለችው።

ወደ ግድግዳው ጠጋ እንድትል ለመናት። ጠጋች፤ አልበቃም። ወደ በሩ ሄደች፤ አሁንም ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው። ሁለመናሽን ነው የምፈልገው አላት። ክፍሉ አለቀባቸው። ደረጃውን ወርዳ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ ሜዳውን አቋርጣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆመች። መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፤ አንዲት ሴትዮ ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ ብላ ጠየቀቻት። ከመስኮቱ ላይ ራሱን ወዲህና ወዲያ ሲያንቀሳቅስ ይታያታል። ይፈልጋታል። አጥሩን ያገኛል፣ ዛፉን ያገኛል፣ እሷን አያገኝም። እንባዋ ሊመጣ ሲል ዋጠችው፤ የሚቀርለት ፊት የሚያለቅስ ፊት እንዲሆን አልፈለገችም። ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገችና ቀጥ ብላ ቆመች።

የመምህሩ ራስ መንቀሳቀሱን አቆመ። እጁን አነሳ።

ፈገግ አለችለት። ጉንጯ እስኪዝል፣ እግሯ እስኪደነዝዝ፣ ፈገግታዋን ሳታጥፍ ቆመች። እጁ ወርዶ ፊቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዞር ያቺ ቀዳዳ እንደተዘጋችበት ገባት። ሜዳውን አቋርጣ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ ደረጃውን ወጣች። ምንም አልጠየቀችውም። ወንበሯን ከወንበሩ ጋር አጋጥማ ተቀመጠችና የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበበችለት።